የአያት ሽጉጥ ምን ይናገራል? ቤሬታ 1934ን ከምልክቶቹ የመለየት መመሪያ

"አያታችን ከጣልያን መኮንን የማረኩት ነው።" በአርበኛ ልጆች ቤት ይህ ወሬ የተለመደ ነው። ሽጉጡ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ታሪኩም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ብረቱ ላይ የተመታውን ጽሑፍ ግን ቁጭ ብሎ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ያ ጽሑፍ ብዙ ነገር ይናገራል። ሽጉጡ የት ተሠራ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ለየትኛው ጦር ተሰጠ፣ ከዚያስ ወዲህ ምን ገጠመው? አንዳንዴ የቤተሰቡን ታሪክ ያጸናል። አንዳንዴ ደግሞ ያርመዋል። እኔ ሁለቱንም እኩል እወዳቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው ጽሑፉ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ ሳይጠፋ በፊት እንዲነበብ ስለምፈልግ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው የጣልያኑን ቤሬታ 1934 ነው። በአምስቱ የወረራ ዓመታት በጣልያን መኮንኖች ወገብ ላይ ይታይ የነበረው አዲሱ ሽጉጥ እሱ ነው። ንድፉ የቱሊዮ ማሬንጎኒ ነው። የተሠራው በሰሜን ጣልያን፣ ብሬሻ ከተማ አጠገብ ባለችው ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ ነው። ቤሬታዎች እዚያ ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። በእጃቸው ያለው የጥንት ሰነድ በፈረንጅ 1526 ለቬኒስ 185 አፈሙዝ መሸጣቸውን ያሳያል።

መጀመሪያ ሕጉ

ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። "የአያቴ ቅርስ ነው" ማለት ፈቃድን አይተካም። ሽጉጡ ፈቃድ ከሌለው በቦርሳ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ አትሂዱ። መንገድ ላይ ብትያዙ ማስረዳቱ ከባድ ነው። መጀመሪያ ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ ፍሬሙ፣ ማለትም ሌላው ሁሉ የሚገጠምበት የታችኛው ብረት፣ ብቻውን እንደ ሙሉ ሽጉጥ ይቆጠራል። አፈሙዝ ባይኖረው፣ ቃታ ባይኖረው ለውጥ የለውም። ከኢትዮጵያ በሻንጣ ይዞ መግባትም አይቻልም፤ አስቀድሞ የማስገቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። አውሮፓም እስራኤልም ያላችሁ ከመንካታችሁ በፊት የአካባቢያችሁን ሕግ ጠይቁ።

ጥይት እንደሌለው ማረጋገጥ

ይህን ማንም አይዝለል። ሰማንያ ዓመት ሣጥን ውስጥ የቆየ ሽጉጥ ጥይት ጎርሶ ሊሆን ይችላል።

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ ግድግዳውም ወፍራም ወደሆነ አቅጣጫ አዙሩ። ጣታችሁ ቃታው ላይ እንዳያርፍ። የቤሬታ 1934 ካዝና፣ ማለትም ጥይት የሚደረደርበት ቤት፣ የሚለቀቀው ከእጀታው በታች፣ ከተረከዙ በኩል ባለች ቁልፍ ነው። ቁልፏን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ ካዝናውን ሳቡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "በቃ ባዶ ሆነ" ይላል። አልሆነም። ይህ ሽጉጥ ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል። ውስጥ የጎረሰ አንድ ጥይት ካለ እሱ ይበቃል።

ስለዚህ የላይኛውን ብረት እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳቡና ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በባትሪ እዩ። በትንሽ ጣትም ዳስሱት። ብረቱ ስትለቁት ወደ ፊት ተፈናጥሮ ይመለሳልና ጣታችሁን ጠብቁ። በግራ በኩል ያለችውን መቆለፊያም አትመኑ። እሷ የምትይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ ከኋላ ያለችውን ቀለበታማ መምቻ አትይዝም።

ብረቱ ዝጎ አልሳብ ካለ አትታገሉት። መዶሻም አታምጡ። ጥይት እንዳለው ቁጠሩትና ለሚያውቅ ሰው ተዉት። ምልክቶቹን ለማንበብ መፍታት አያስፈልግም። መተኮስማ ጭራሽ አይታሰብ።

ለማንበብ ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ልቤ የሚደማበት ነገር አለ። ሰው አሮጌ ብረት ሲያይ ማብረቅረቅ ያምረዋል። በአሸዋ ወረቀት፣ በሽቦ ብሩሽ፣ በአመድና በሎሚ ይፈገፍገዋል። ሽጉጡ ያበራል፣ ጽሑፉ ግን ይሄዳል። የሄደ ጽሑፍ አይመለስም። ከጦር መሣሪያ ሰብሳቢዎችም ሆነ ከታሪክ ሰዎች ፊት ዋጋው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ የማሽን ዘይትና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ነው። ዘይቱን ቀብታችሁ አንድ ሌሊት ተዉት። ጠዋት በጨርቅ ጥረጉት፤ ፊደሎቹ ውስጥ የገባውን ቆሻሻ በብሩሹ ቀስ ብላችሁ አውጡ።

ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን ታክኮ እንዲያልፍ አድርጋችሁ አብሩ። ብርሃኑ ሲያጋድል ፊደሉ ጥላ ይጥላል። በቀን የማይታየው ነገር ያኔ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ያም ካልሠራ ነጭ ጠመኔ በጽሑፉ ላይ አሹና ላዩን በጣት ጥረጉት። ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ ፊደሉም በነጭ ይነበባል። በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ባትሪውን በግራም በቀኝም እያዞራችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። አንዱ ፎቶ ላይ 3 የመሰላችሁ ሌላው ላይ 8 ሆኖ ይገኛል።

ፍሬሙ የትኛው ነው?

ሽጉጡን በጎኑ አስተኙት። ወደ ኋላ የሚሳበው የላይኛው ብረት ተንሸራታቹ ነው። በውስጡ የሚታየው ቱቦ አፈሙዙ ነው። ከሥር ያለው፣ እጀታው፣ ቃታውና ካዝናው የሚገቡበት ብረት ፍሬሙ ነው። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ይገጠማል።

ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ተንሸራታቹም አፈሙዙም ከሌላ ሽጉጥ ተፈትቶ ሊገጠም ይችላል። በጦርነት ጊዜ የተሰበረውን በሌላው መተካት የተለመደ ነበር። ካዝናማ እንደ ልብ ይለዋወጣል። ስለዚህ የሽጉጡ መታወቂያ የሚባለው ፍሬሙ ላይ ያለው ቁጥር ነው። የሌሎቹ ቁጥር ምስክርነት ነው፤ ከፍሬሙ ጋር ከተስማማ ጥሩ፣ ካልተስማማም ራሱን የቻለ ወሬ አለው።

የግራው ጎን ጽሑፍ

ተንሸራታቹን በግራ በኩል እዩ። በላቲን ፊደል የተመታ ረዥም መስመር ታገኛላችሁ። ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ "ፒ. ቤሬታ፣ ካል. 9 ኮርቶ፣ ሞ. 1934፣ ብሬቬት፣ ጋርዶኔ ቪ. ቲ."፤ በመጨረሻም ዓመት።

"ፒ" ፒየትሮ ነው፣ የድርጅቱ ባለቤት ስም። "ካል. 9 ኮርቶ" የጥይቱ ዓይነት ነው፤ አጭሩ 9 ሚሊ ሜትር። ርዝመቱ 17 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለህ ያለው ጥይት ነው፤ ዛሬ በየቦታው ከሚታወቀው ባለ 19 ሚሊ ሜትር ቀለህ ጋር አንድ አይደለም። ብዙ ሰው "9 ነው" ሲባል አንድ ይመስለዋል። "ሞ. 1934" ሞዴሉ ነው። ተጠንቀቁ፤ 1934 የተሠራበት ዓመት አይደለም። ይህን ቁጥር አይቶ "ሽጉጡ በ1934 የተሠራ ነው" የሚል ሰው በጣም ብዙ ነው። "ብሬቬት" ንድፉ በሕግ የተመዘገበ መሆኑን ይነግራል። "ቪ. ቲ." ቫል ትሮምፒያ፣ ማለትም የሸለቆው ስም ነው።

የተሠራበትን ዓመት የምታገኙት ከመስመሩ ጫፍ ነው። እዚያ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን አለ፤ አንዱ ተራ የፈረንጅ ዓመት፣ ሁለተኛው ሮማዊ ቁጥር።

ሮማዊው ቁጥር

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ ይህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

ሙሶሊኒ ሥልጣን የያዘው በኦክቶበር 1922 ነው። ፋሺስቶች ያን ቀን የአዲስ ዘመን መጀመሪያ አደረጉት። ከ1927 ጀምሮ በመንግሥት ጽሑፍ ሁሉ ከተራው ዓመት ጎን የፋሺስት ዓመት እንዲጻፍ አዘዙ፤ በሮማ ቁጥር። ሽጉጡ ላይ ያለው ያ ነው።

አነባበቡ ቀላል ነው። አይ የሚባለው ፊደል 1 ነው። ቪ 5 ነው። ኤክስ 10 ነው። ትንሹ ከትልቁ በኋላ ሲመጣ ትደምራላችሁ፣ ከፊቱ ሲመጣ ትቀንሳላችሁ። ኤክስ ቪ 15 ነው። ኤክስ ቪ አይ አይ 17 ነው። ኤክስ አይ ቪ 14 ነው። ኤክስ አይ ኤክስ 19 ነው።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እናምጣው። የፋሺስት ዓመት የሚጀምረው በኦክቶበር መጨረሻ፣ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ከእኛ አዲስ ዓመት የሚርቀው በወር ከምናምን ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኛ ሰው ሒሳቡ ከፈረንጆቹም ይልቅ ይቀላል። ሮማዊውን ቁጥር ውሰዱና 1914 ደምሩበት። የሚወጣው የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ከዚያ ዓመት ጥቅምት አጋማሽ እስከ ቀጣዩ ዓመት ጥቅምት አጋማሽ ማለት ነው።

ኤክስ ቪ 15 ነው። 1914 ስትደምሩ 1929 ይመጣል። ኤክስ አይ ቪ 14 ነው፤ 1928 ይሆናል፣ የማይጨው ዓመት። ኤክስ አይ ኤክስ 19 ነው፤ 1933 ይሆናል፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱበት ዓመት።

የፈረንጁ ዓመት ጎኑ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ያጠብበዋል። "1937" ከኤክስ ቪ ጋር ከተጻፈ ሽጉጡ ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 1937 የተሠራ ነው። ያው "1937" ከኤክስ ቪ አይ ጋር ከሆነ የዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት ወራት ሥራ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ጨርሶ የማይገናኙ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1937 ከኤክስ ኤክስ ጋር፣ ወይ አሳስታችሁ አንብባችኋል ወይም የሆነ ሰው ነካክቶታል። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ። ዝገት አንዷን አይ በቀላሉ ይበላታል።

ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር ማስተያየት

ዓመቱን ካገኛችሁ በኋላ ታሪኩን አምጡት።

"አያታችን በማይጨው የማረኩት ነው" ተብሏል እንበል። ሽጉጡን ስታዩት "1939 ኤክስ ቪ አይ አይ" ይላል። 17 ሲደመር 1914፣ 1931 ዓ.ም. ነው። ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ነበር። ሽጉጡ ገና አልተሠራም። በማይጨው ሊማረክ አይችልም።

ታዲያ አያት ዋሹ ማለት ነው? በፍጹም። ማይጨው የዘመቱት እሳቸው ይሆናሉ። ሽጉጡን ያገኙት ግን ከዚያ በኋላ፣ በአርበኝነቱ ዘመን በጫካ ውጊያ፣ ወይም በ1933 ጣልያን ሲፈታ ይሆናል። ልጆች ሁለቱን ታሪክ አንድ አድርገው ሰምተውታል። የልጅ ልጆችም እንደዚያው አስተላልፈውታል። ሽጉጡ የሚነግራችሁ የት አካባቢ መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው። "ከማይጨው በኋላ የት ነበሩ? ከማን ጋር ተዋጉ?" ብላችሁ በዕድሜ የገፉትን የቤተሰቡን ሰዎች ጠይቁ። እኔ የማውቃቸው ምርጥ የአርበኛ ታሪኮች የወጡት ከእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

አንድ ሌላ ድንበር አለ፤ እሱንም ልብ በሉ። ጣልያን ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችው ሰኔ 3 ቀን 1932፣ በፈረንጅ ጁን 10 ቀን 1940 ነው። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጣልያን ወደ ምፅዋ ዕቃ የሚያመጣው የመርከብ መንገድ ተዘጋ። በምሥራቅ አፍሪካ ያለው የጣልያን ጦር በያዘው ብቻ ተዋጋ። በአውሮፕላን የሚመጣው ጥቂት ነበር። አምባላጌ በግንቦት 1933 እጁን ሰጠ፤ ጎንደር የመጨረሻው ሆኖ ኅዳር 18 ቀን 1934 ወደቀ።

ስለዚህ ከኤክስ አይ ቪ እስከ ኤክስ ቪ አይ አይ ያለ ቁጥር በአርበኝነቱ ዘመን ተማረከ ቢባል ያስኬዳል። ኤክስ ቪ አይ አይ አይ፣ ማለትም 18፣ ድንበሩ ላይ ነው። ከሰኔ በፊት ከተሠራ ሊደርስ ይችላል። ኤክስ አይ ኤክስ ካለ እጠራጠራለሁ። ኤክስ ኤክስ ወይም ከዚያ በላይ ካለ ሽጉጡ አገራችን የገባው ከነፃነት በኋላ በሌላ መንገድ ነው ብዬ እወስዳለሁ፤ በግዢ፣ በስጦታ ወይም በነጋዴ እጅ።

ፍሬሙ ላይ ያሉ ምልክቶች

አሁን ከተንሸራታቹ ወርዳችሁ ፍሬሙን እዩ። በቀኝ ጎን መለያ ቁጥሩ ይገኛል። ስድስት አኃዝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ የተሠሩት ላይ ደግሞ ፊደል ይጨመራል። ፊደሉን አትዝለሉ፤ የቁጥሩ አካል ነው። ተንሸራታቹ ላይ ቁጥር ካለ እሱንም ለብቻው ጻፉ።

በግራ ጎን ከእጀታው በላይ፣ ወደ ኋላ ተጠግቶ፣ ትንሽ ማኅተም ፈልጉ። ሽጉጡ የማን እንደነበረ የሚናገረው እሱ ነው።

ከዘውድ በታች "አር" እና "ኢ" ፊደል ካለ የጣልያን ንጉሣዊ ምድር ጦር ነው። አብዛኛው ይህ ነው። "አር" እና "ኤም" ከመልሕቅ ጋር ከሆነ ባሕር ኃይሉ ነው። "አር" እና "ኤ" ከንስር ጋር ከሆነ አየር ኃይሉ። "ፒ" እና "ኤስ" ፖሊሱ ነው። ኮከብ ውስጥ "ኢ" እና "አይ" ካያችሁ ደግሞ ጣልያን በፈረንጅ 1946 ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላ ያለው ጦር ነው፤ የአርበኞች ዘመን ሽጉጥ አይደለም። ንስር ከ"162" ቁጥር ጋር ከሆነ ጣልያን በሴፕቴምበር 1943 እጅ ከሰጠች በኋላ ጀርመኖች ፋብሪካውን ይዘው የተቀበሉት ነው።

ማኅተም ጭራሽ ከሌለስ? ለግል ገበያ የተሸጠ ሊሆን ይችላል። መኮንኖችም በኪሳቸው ገንዘብ ይገዙ ነበር። "ማኅተም የለውም፣ ስለዚህ የውሸት ነው" ብላችሁ አትፍረዱ።

እጀታው ላይ "ፒ" እና "ቢ" የተጠላለፉበት ጽሑፍ አለ፤ ፒየትሮ ቤሬታ ማለት ነው። ያምራል፤ ግን እጀታ በሁለት ብሎን የሚፈታ ዕቃ ስለሆነ ብዙ አይመሰክርም።

ከጦርነቱ በኋላም ይህ ሽጉጥ ለብዙ ዓመታት ተሠርቷል። ያኔ ጣልያኖች ሌላ የሮማ ቁጥር ጀመሩ፤ ትንሽ ሣጥን ውስጥ የምትገባ የፍተሻ ዓመት። በዚህኛው ቆጠራ ኤክስ በፈረንጅ 1954 ነው፣ ኤክስ ኤክስ ደግሞ 1964። ከ1975 ጀምሮ በሁለት የላቲን ፊደል ተተካ። አጠገቡ "ፒ ኤስ ኤፍ" የሚሉ ፊደሎች ታያላችሁ፤ ጭስ በሌለው ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። ኤክስ ኤክስ ሣጥን ውስጥ ከሆነ 1964፣ ሣጥን ሳይኖረው ከ1942 ጎን ከቆመ ደግሞ የጦርነቱ ዘመን ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ልዩነት ነው፤ በትንሽ ሣጥን!

ፍሬሙ ብቻ ሲገኝ

አንዳንዴ የሚገኘው ፍሬሙ ብቻ ነው። ተንሸራታቹ ጠፍቷል፤ ረዥሙ ጽሑፍም አብሮ ሄዷል። ያኔ ቅርጹን ትጠይቃላችሁ።

የካዝናው መልቀቂያ ከእጀታው ሥር፣ ተረከዙ ላይ ነው? መቆለፊያዋ በግራ በኩል ከቃታው በላይ ነች? መምቻዋ ካለች መሐሏ ቀዳዳ ያላት ቀለበት ነች? ሙሉው ሽጉጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነውና ፍሬሙም መዳፍ የማይሞላ አጭር ነው? መልሱ ሁሉ አዎ ከሆነ የቤሬታ ዘር ነው።

ግን ቤሬታ 1935 የሚባል ወንድም አለው። በቅርጽ ከ1934ቱ ጋር መንታ ነው፤ ጥይቱ ግን 7.65 ሚሊ ሜትር ነው። ፍሬሙን በዓይን አይቶ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። እዚህ ማኅተሙ ይረዳል። 1935ቱ በብዛት የሄደው ለባሕር ኃይልና ለአየር ኃይል ነው፤ 1934ቱ ለምድር ጦር። መልሕቅ ወይም ንስር ያለበት ፍሬም ከሆነ "1934 ነው" ብላችሁ አትቸኩሉ። አብሮ የተገኘ ካዝና ካለ ላዩን አንብቡ፣ ጥቆማ ይሰጣል። ጥቆማ ብቻ ነው፤ ካዝና እንደሚለዋወጥ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ።

የማይገጥም ነገር ሲታይ

የፍሬሙና የተንሸራታቹ ቁጥር ካልተስማማ ሽጉጡ ከሁለት የተሰበሰበ ነው። ነውር አይደለም፤ የጦር ሜዳ ጥገና ነው። ነገር ግን ዓመቱ የተጻፈው ተንሸራታቹ ላይ መሆኑን አስታውሱ። ካልተስማሙ ያ ዓመት የፍሬሙ ዓመት ነው ማለት አትችሉም።

አሠራሩ ሻካራ ቢሆንስ? ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት ለስላሳና ጥልቅ ጥቁር ናቸው። ጦርነቱ ሲከብድ ሥራው ተጣደፈ፤ የመቁረጫ መስመር ብረቱ ላይ ይታያል። 1943 የሚል ሽጉጥ ሻካራ ቢሆን ትክክሉ ነው። 1936 የሚል ሻካራ ቢሆን ግን ደግማችሁ እዩት። ፊደሎቹ ወጣ ገባ ካሉ፣ "ቤሬታ" የሚለው አንድ ፊደል ከጎደለው ወይም ከተጣመመ፣ በእጅ የተቀረጸ ከመሰለ፣ ምናልባት ቤሬታን አስመስሎ የተሠራ ነው።

መለያ ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ እዚያው ላይ አቁሙ። በአሲድም በምንም ላውጣው አትበሉ። ያ የፖሊስ ፎረንሲክ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ ወንጀል ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አውቆ መያዙ ራሱ በፌዴራል ሕግ ያስጠይቃል።

ቤሬታ ካልሆነ

ባጭሩ ልለፍበት። ዙሪያ የሚሽከረከር የጥይት ቤት ያለውና ቃታው የሚታጠፍ ከሆነ የጣልያን ቦዴዮ ነው፤ የ1889 ሞዴል፣ 10.35 ሚሊ ሜትር። ተራው ወታደር የያዘው እሱን ነበር።

"ፋብሪክ ናሲዮናል" እና "ኤርስታል" የሚል በፈረንሳይኛ ከተጻፈበት የቤልጅግ ነው። የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ማኅተም እንቁላል ቅርጽ ያለው ሲሆን ውስጡ ሦስት የላቲን ፊደልና ኮከብ አለው። ያን ማኅተም ስታዩ የሚያረጋግጥላችሁ የተፈተሸበትን ከተማ ነው፣ የሠሪውን ስም አይደለም።

ሰፊ የቀስት ጫፍ የመሰለ ምልክት የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ነው። እንግሊዞቹ ዌብሊና ኤንፊልድ ላይ ፈልጉት፤ የኤንፊልዱ ፍሬም ላይ ዓመቱም አለ።

ኮከብ የቱላ ፋብሪካ፣ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ ቀስት የኢዥቭስክ ነው፤ ሁለቱም ሶቪየት። የሶቪየቱን ቶካሬቭ ሽጉጥ መስሎ በቻይንኛ ፊደል "54" የሚል ካለበት የቻይና ነው።

ፍሬሙ ላይ በእንግሊዝኛ "ዩናይትድ ስቴትስ ፕሮፐርቲ" የሚል የተመታበት ትልቅ ሽጉጥ የአሜሪካኑ 1911 ነው። የእሱ ነገር ደግሞ ይገርማል። የሠሪው ስም የሚመታው ተንሸራታቹ ላይ ነው፤ ፍሬሙ ላይ ያለው ቁጥርና የተቆጣጣሪው ስም ምህጻር ነው። በቁጥሩ ብቻ የሠሪው ማንነት ይታወቃል። እናቶቻችን የሰፉበት ሲንጀር ሳይቀር 500 ሽጉጥ ሠርቷል። ቁጥራቸው በ"ኤስ" ፊደል ይጀምራል፤ ከ800001 እስከ 800500። እንዲህ ያለ ፍሬም ካገኛችሁ ማንም ሰው በጨርቅም እንዳይነካው።

መዝገቡ

ያነበባችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለት ዓምድ አድርጉ። በአንዱ ብረቱ ላይ ያያችሁትን እንዳለ፤ ያልተነበበችውን ፊደል በጥያቄ ምልክት፣ በግምት አትሙሉት። በሌላው ቤተሰቡ የሚለውን፤ ማን እንደነገራችሁ፣ መቼ እንደነገራችሁ፣ በራሱ አፍ እንዳለው። ሁለቱን አታቀላቅሉ። ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ የትኛው የዓይን ምስክር፣ የትኛው ትረካ እንደሆነ መለየት አለበት።

ፎቶዎቹን ከወረቀቱ ጋር አስቀምጡ። ሙሉውን መለያ ቁጥር ግን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትልጠፉ፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ሸፍኗቸው። ሰው ለመጠየቅ የቀረው ይበቃል። ወረቀቱን ሽጉጡ ካለበት ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ከቤቱ ሰነዶች ጋር አኑሩት፤ ሽጉጡ ቢሰረቅ ወይም በፖሊስ ቢወሰድ ቁጥሩን የምታገኙት ከዚያ ወረቀት ነው።